ሮዛሲያ የተባለውን የፊት ደዌ ለይቶ ስለ ማወቅና ስለ ማከም

ጉንጭዎና አፍንጫዎ፣ አገጭዎና የግንባርዎ መካከል፣ ፀሐይ ባገኛቸው ወይም ትኩስ ነገር በቀመሱ ቍጥር እየጋሉ የሚያስቸግሩዎ ከሆነ፣ ግለቱም ከበረደ በኋላ ጥቃቅን እብጠቶችን፣ የማይለቅ ቅላትን ወይም ጥቍረትን ትቶ የሚሄድ ከሆነ፣ ይህንንም ነገር ዛሬ ብጉር ነው፣ ነገ ማድያት ነው፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ምች ነው እያሉ በየጊዜው ቅባት ሲለዋውጡበት ከሰነበቱ፣ ይህ ጽሑፍ የተጻፈው በተለይ ለእርስዎ ነው። ሐኪሞች ሮዛሲያ ብለው የሚጠሩት ይህ ደዌ ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፍ፣ ለሞትም የማያደርስ ነው፤ ነገር ግን ሲቀሰቀስና ሲበርድ ዓመታትን የሚያስቈጥር፣ ችላ ሲባል ዓይንን እስከ መጕዳት የሚደርስ፣ ባልተገባ ቅባት ሲነካካ ደግሞ ከራሱ ከደዌው ይልቅ ቅባቱ ያመጣው ጕዳት የሚብስበት በመሆኑ፣ አስቀድሞ ለይቶ ማወቅን፣ ከዚያም በሥርዓት ማከምን ይጠይቃል።

ስለ ደዌው ባሕርይ ጥቂት መናገር ይገባል፤ ምክንያቱን ያልተረዳ ሰው የሕክምናውን ሥርዓት በትዕግሥት አይጠብቅምና። ሮዛሲያ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 50 ዓመት ባለው ዕድሜ ይገለጣል፤ በሴቶች ላይ አዘውትሮ ይታያል፣ የአፍንጫ ቆዳ እየወፈረና እየተጐረበጠ የሚሄድበት ክፉ መልኩ ግን በወንዶች ላይ ይበዛል። ተሕዋስያንን እንዲከላከል በቆዳ ውስጥ የተሠራው ኀይል በእነዚህ ሰዎች ላይ ያለ ልክ ይቈጣል፤ በ2007 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ የሪቻርድ ጋሎ የምርምር ጓድ እንዳስረዳው፣ ካቴሊሲዲን የተባለው የመከላከያ ንጥረ ነገር በሕሙማኑ የፊት ቆዳ ውስጥ ከመጠን በላይ በዝቶ፣ ቅርጹም ተለውጦ ይገኛል፤ የፊት የደም ሥሮችም በትንሽ ምክንያት ይሰፋሉ። በሰው ሁሉ ፊት ላይ፣ በጠጕር ሥር በሚገኘው ቀዳዳ ውስጥ የምትኖር፣ ርዝመቷ ግማሽ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ዲሞዴክስ የተባለች ረቂቅ ፍጥረትም በእነዚህ ሰዎች ላይ ከሌላው ይልቅ ትበዛለች። እንግዲህ ደዌው የንጽሕና ጕድለት ያመጣው አይደለም፤ የመጠጥ ቅጣትም አይደለም። አፍንጫው የወፈረውን ሰው ሁሉ ሰካራም ማለት በአውሮፓ ሥር የሰደደ ክፉ ልማድ ነበር፤ ዳሩ ግን ጠጅም አረቄም ቀምሰው የማያውቁ ሰዎች በዚህ ደዌ ይያዛሉ። ዶሜኒኮ ጊርላንዳዮ በ1490 እ.ኤ.አ. ገደማ የሣለው፣ ዛሬ በፓሪስ በሉቭር ቤተ መዘክር የሚገኘው የሽማግሌውና የልጅ ልጁ ሥዕል፣ አፍንጫው የተጐረበጠውን አረጋዊ ሕፃኑ ቀና ብሎ በፍቅር ሲመለከተው ያሳያልና፣ ሠዓሊው ከብዙ አዋቂዎች የተሻለ ፍርድ ፈርዷል እላለሁ።

ይህ ደዌ የፈረንጆች ነው፣ በጥቍር ወይም በጠይም ሰው ላይ አይወጣም ሲባል የሚሰማው ነገር እውነት አይደለም። የቀደሙት መጻሕፍት የነጭ ሰው ቆዳ እያዩ የተጻፉ ስለሆኑ ምልክቱን ሁሉ በቅላት ለኩት፤ በጠይም ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ በተፈጥሮው ቀለም ሥር ስለሚሸሸግ፣ ወይም ወደ ቡናማነትና ወደ ወይን ጠጅ መልክ ስለሚያደላ፣ ሐኪሙም ሕመምተኛውም ሳያስተውሉት ያልፋል፤ ደዌው የሚታወቀውም እብጠቱ ከበዛ፣ ቆዳው ከጠቈረ፣ አንዳንድ ጊዜም ዓይን ከታመመ በኋላ ነው። ስለዚህ እርስዎ ፊትዎን ሲመረምሩ መልኩን ከማየት ይልቅ ለሚሰማዎት ስሜት፣ ማለት ለግለቱ፣ ለመቈጥቈጡና ለማቃጠሉ የበለጠ ዋጋ ይስጡ።

ምርመራውን እንዲህ ይጀምሩ። ጧት ከእንቅልፍዎ እንደ ተነሡ ፊትዎን ለብ ባለ ውሃ ብቻ ይታጠቡ፤ ሳሙናም፣ ሎሽንም፣ ኩልም ሳይነኩ ግማሽ ሰዓት ያህል ዐርፈው በመስኮት አጠገብ፣ ነገር ግን ፀሐይ በቀጥታ በማይመታበት ቦታ መስተዋት ይያዙ። በጉንጭ፣ በአፍንጫ፣ በአገጭና በግንባር መካከል ያለው ቆዳ ከጆሮ ሥርና ከአንገት ቆዳ ጋር ሲነጻጸር የደመነ፣ የቀላ ወይም የጠቈረ መሆኑን ይመልከቱ፤ የእጅዎንም ጀርባ በጉንጭዎና በአንገትዎ ላይ በተራ እያሳረፉ የሙቀቱን ልዩነት ይለኩ። ከዚያም ንጹሕና ጥርት ያለ ብርጭቆ ወስደው በቀላው ወይም በጠቈረው ስፍራ ላይ በቀስታ ቢጫኑት፣ መልኩ የመጣው የደም ሥሮች በመስፋታቸው ከሆነ ደሙ ሸሽቶ ስፍራው ይገረጣል፤ ብርጭቆው ሲነሣ ይመለሳል፤ የማድያት ጥቍረት ግን በመጫን አይለወጥም። ፎቶግራፍ ማንሣት ቢፈልጉ ከኋላዎ ጥቍር ሰማያዊ ጨርቅ ይስቀሉ፤ በጠይም ፊት ላይ ቅላቱ የሚለየው በእንዲህ ያለ መደብ ላይ ነውና።

ካዩት ነገር ምን መፍረድ እንዳለብዎ ደግሞ መመዘኛ አለ። በ2017 እ.ኤ.አ. ከልዩ ልዩ አገሮች የተሰበሰቡ የቆዳና የዓይን ሐኪሞች በተስማሙበት ሐሳብ መሠረት፣ በፊት መካከል ጸንቶ የሚኖርና አልፎ አልፎ የሚባባስ ቅላት፣ ወይም የአፍንጫ ቆዳ መወፈርና መጐርበጥ፣ ከሁለቱ አንዱ ብቻውን ደዌው ሮዛሲያ ነው ለማለት ይበቃል። ሁለቱም ባይገኙ ግን ከእነዚህ ከአራቱ ምልክቶች ሁለቱ ሊኖሩ ይገባል፤ እነርሱም ቶሎ ቶሎ የሚመጣ የፊት መጋል፣ ቀያይ ወይም መግል የቋጠሩ ጥቃቅን እብጠቶች፣ በቆዳ ላይ የሚታዩ ቀጫጭን የደም ሥሮች፣ የዓይንም ሕመም ናቸው። በደም ወይም በሽንት ምርመራ ሮዛሲያ አይገኝም፤ ለዚህ ተብሎ ገንዘብ የሚያስከፍል ላቦራቶሪ ቢያጋጥምዎ ምክንያቱን ይጠይቁ። ሐኪሙ ከቆዳዎ ጥቂት ቈርጦ ማስመርመር ቢፈልግ ግን አይከልክሉት፤ ይህን የሚያደርገው ሌላ ደዌ እንዳይሆን ለማጣራት ነው።

ሌላ ደዌ እንዳይሆን ማጣራቱ በእኛ አገር ከሌላው አገር ይልቅ ጥንቃቄ ያሻዋል። ብጉር አብዛኛውን ጊዜ በወጣትነት ይጀምራል፣ በደረትና በትከሻም ላይ ይወጣል፣ ከሁሉ በላይ ግን ጥቍር ወይም ነጭ አናት ያለው የተደፈነ ቀዳዳ አለው፤ ሮዛሲያ ይህ የለውም። ማድያት ጠፍጣፋ ነው፤ አይግልም፣ አያቃጥልም፣ እብጠትም አያወጣም፤ ሁለቱ በአንድ ፊት ላይ ሊገናኙ እንደሚችሉ ግን አይዘንጉ። በቅንድብ ውስጥና በአፍንጫ ግራና ቀኝ ቅባታም ቅርፊት የሚያበቅለው የፎረፎር ወገን የሆነ ሽፍታ ነው። የቢራቢሮ ቅርጽ ይዞ በሁለቱ ጉንጮች ላይ የሚያርፈው፣ ከአፍንጫ ወደ ከንፈር የሚወርደውን እጥፋት ግን ዘሎ የሚያልፈው ቅላት፣ በተለይ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የአፍ ውስጥ ቍስልና የጠጕር መርገፍ ካጀበው፣ ሉፐስ የተባለው ብርቱ ደዌ ሊሆን ስለሚችል በአስቸኳይ ይመርመሩ። ከደጋ አገር የመጣ ሰው በአፍንጫው ወይም በአንድ ጉንጩ ላይ ሳያመው በዝግታ እያበጠ ቅርፊት የሚይዝ ነገር ካለው ቍንጭርን መጠርጠር ይገባል፤ የፊቱ ወይም የጆሮው ጫፍ የሚያብጥበት፣ ቅንድቡ የሚረግፍበት፣ ወይም በአካሉ ላይ መርፌ የማይሰማው ስፍራ ያለበት ሰው ደግሞ የሥጋ ደዌ ምርመራ ሊደረግለት ይገባዋል። እነዚህን ሁሉ ለይቶ የማየት የረጅም ዘመን ልምድ ያላቸው እንደ አዲስ አበባው አለርትና እንደ ደሴው ቦሩ ሜዳ ያሉ ሆስፒታሎች ስላሉን፣ የተጠራጠረ ሰው ወደዚያ ከመሄድ አይፈር፤ ወደ እነዚህ ሆስፒታሎች የሄደ ሁሉ ሥጋ ደዌ አለበት የሚለው አሉባልታ ብዙ ሰው ከፈውስ አስቀርቷል።

ዓይንን በተመለከተ አጭር ነገር ግን ብርቱ ቃል አለኝ። ሮዛሲያ በዓይን ላይ ከፊት ቀድሞ ሊገለጥ ይችላል፤ አሸዋ የገባ ያህል መቈርቈር፣ ድርቀት፣ እንባ ማብዛት፣ የሽፋሽፍት ሥር መቅላትና ጧት ጧት በቅርፊት መያያዝ፣ በዓይን ቆብ ላይ ተመላልሶ የሚወጣ እብጠት ምልክቶቹ ናቸው። ትራኮማ በሚገኝበት ገጠር የኖረ ሰው ይህንኑ የሚመስል ስሜት ሊሰማው ስለሚችል የሚለየው የዓይን ሐኪም ነው። በቤትዎ ንጹሕ ጨርቅ በሞቀ ውሃ ነክረውና ጨምቀው በተከደነው ዓይን ላይ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያኑሩ፤ ቀጥሎም የቆቡን ጠርዝ በቀስታ አሸት አሸት አድርገው ያጽዱ፤ ሙቀቱ በቆቡ ላይ ብቻ ይሁን እንጂ ወደ ጉንጭ አይውረድ። ዓይንዎ ብርሃን የሚፈራ፣ የሚያም ወይም የሚደበዝዝ ከሆነ ግን ጨርቁን ትተው በዚያው ዕለት ወደ ዓይን ሐኪም ይሂዱ።

አሁን ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ላይ ደርሰናል፤ እርሱም ቀድሞ በፊትዎ ላይ የሚቀቡት ነገር ምን እንደ ሆነ ማወቅ ነው። በየመድኃኒት መደብሩና በየመዋቢያ ሱቁ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡት፣ ማድያት ያጠፋሉ፣ ፊት ያቀላሉ፣ ብጉር ያደርቃሉ የሚባሉት ብዙዎቹ ቅባቶች ስቴሮይድ አለባቸው። ቱቦውን ገልብጠው በጥቃቅን ፊደል የተጻፈውን ያንብቡ ወይም ያስነብቡ፤ ቤታሜታዞን፣ ክሎቤታሶል፣ ሞሜታዞን፣ ዴክሳሜታዞን የሚል ስም ካገኙ፣ ወይም ጭራሽ ምን እንዳለበት ካልተጻፈ፣ ያ ቅባት ለፊትዎ ጠላት ነው ብለው ይቍጠሩ፤ ሜርኩሪ የተጨመረባቸው ማቅያዎችም በየገበያው አይጠፉም። እንዲህ ያለው ቅባት እንደ አራጣ አበዳሪ ነው፤ በሦስት ቀን ውስጥ ቅላቱን አብርዶ፣ እብጠቱን አጥፍቶ፣ ፊቱን አለስልሶ ያስደስታል፤ ከሳምንታትና ከወራት በኋላ ግን ቆዳውን አሳስቶ፣ የደም ሥሮቹን አስፍቶ፣ በተተወ ቍጥር ደዌውን አባብሶ የሚመልስ ስለሆነ፣ የተቀባው ሰው መልሶ እርሱኑ ይቀባል፤ ወለዱም እየበዛ ይሄዳል። ሮዛሲያ ያልነበረበት ሰው እንኳ በዚህ መንገድ ሮዛሲያን የሚመስል ደዌ በገዛ ገንዘቡ ይሸምታል። በእኔ አስተያየት በከተሞቻችን በሴቶች ፊት ላይ ከሚታየው መቃጠል እጅግ ብዙው የዚህ ቅባት ሥራ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ቅባት ሲቀቡ ከነበረ ማቆም የሕክምናው መጀመሪያ ነው፤ የሚመጣውን ግን አስቀድመው ይወቁ። ባቆሙ በጥቂት ቀናት ውስጥ ፊትዎ ከበፊቱ ይልቅ ሊያብጥ፣ ሊግል፣ ሊቃጠል፣ እብጠትም ሊያፈላ ይችላል፤ ይህም ከሳምንታት እስከ ወራት ይቈያል። ብዙ ሰው የሚሸነፈው በዚህ ጊዜ ነው፤ ቅባቱን ስላቆምኩ ታመምኩ ብሎ ይደመድምና ወደ ጥንቱ ይመለሳል። እርስዎ ግን ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ጨርቅ እያሳረፉ፣ ሽቶ የሌለው ማለስለሻ ብቻ እየቀቡ ይታገሡ። ቅባቱን ለረጅም ጊዜ ወይም በሰፊ የአካል ክፍል ላይ የተቀቡ ከሆነ በአንድ ጊዜ ከማቆምዎ በፊት ሐኪም ያማክሩ፤ ሐኪሙ ቀስ በቀስ ማስተውን ወይም በመካከሉ ሌላ መድኃኒት ማጣመሩን ሊመርጥ ይችላል።

ከዚህ ቀጥሎ ደዌውን ምን እንደሚቀሰቅስብዎ ለማወቅ ትንሽ ደብተር ይያዙ። ለሦስት ሳምንት ያህል ፊትዎ በጋለ ቍጥር ሰዓቱን፣ የነበሩበትን ቦታ፣ የበሉትንና የጠጡትን፣ የተቀቡትን፣ ተቈጥተው ወይም ተጨንቀው እንደ ሆነ፣ ግለቱም ስንት ደቂቃ እንደ ቈየ ይጻፉ። ይህ ሥራ አሰልቺ ይመስላል፤ ነገር ግን ቀስቃሹ ከሰው ሰው ስለሚለያይ፣ ሁሉን ነገር በፍርሃት ከመተው ይልቅ የራስዎን ጠላት ለይቶ መያዝ ኑሮን ያቀላል።

በደብተሩ ላይ ብዙ ጊዜ ከሚገኙት ውስጥ የመጀመሪያው ፀሐይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ፣ ከምድር ወገብም ሳትርቅ የተቀመጠች ስለሆነች፣ ከፍታም በ1,000 ሜትር በጨመረ ቍጥር ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረር በመቶ 10 ያህል ስለሚጨምር፣ አየሩ ቀዝቀዝ ብሏልና ፀሐዩ አይጐዳም የሚለው ግምት ሰውን ያሳስታል። ሁለተኛው የምጣድና የምድጃ ወላፈን ነው፤ እንጀራ የሚጋግሩ ሴቶች ፊታቸውን ከእንፋሎቱ ዘወር አድርገው፣ መስኮትና በር ከፍተው፣ በመካከሉም ዐረፍ እያሉ ፊታቸውን በቀዝቃዛ ጨርቅ ቢያበርዱ ይጠቀማሉ። በርበሬና ሚጥሚጣ የሚቀሰቅሱበት ምክንያት የሚያቃጥለው ንጥረ ነገራቸው ሙቀትን የሚያውቀውን የነርቭ በር ስለሚከፍተው ነው፤ ቀይ ወጥ ያስቸገረው ሰው አልጫውን ይምረጥ፣ የጾሙንም ሽሮ እየፈላ ከመብላት በረድ ሲል ይብላው። ጉንፋን ሲይዝ በባሕር ዛፍ ቅጠል መታጠን፣ በወይባ ጢስ መሞቅ፣ በውበት ሳሎንም ፊትን በእንፋሎት ማስመታት ለዚህ ደዌ አይስማሙም። ፊትን በሎሚ ማሸት፣ በዳማከሴ መፈተግ፣ አልኮልና ሜንቶል ባለበት ውሃ መጥረግ እንደዚሁ ነው።

ቡናን በተመለከተ አንባቢን የሚያጽናና ነገር አለ። ጆናታን ዊልኪን የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ የሕሙማኑን ፊት ያጋለው በ60 ዲግሪ ሙቀት የተጠጣው ቡና ሲሆን፣ በዚያው ልክ የሞቀ ባዶ ውሃም እኩል አጋለው፤ የቀዘቀዘው ቡናና ካፌይኑ ብቻውን ግን አላጋሉትም። ከ82,000 በላይ የአሜሪካ ሴት ነርሶችን የተከታተለውና በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ በቀን 4 ስኒና ከዚያ በላይ ካፌይን ያለው ቡና የሚጠጡት፣ ጨርሶ ከማይጠጡትና እምብዛም ከማይጠጡት ይልቅ በሮዛሲያ የመያዛቸው ዕድል በመቶ 23 ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። ጥናቱ በአብዛኛው በነጮች ላይ የተደረገ ስለሆነ መድኃኒት ነው ብዬ ቡና አላዝም፤ ነገር ግን አቦል፣ ቶናና በረካው ሳይቀሩብዎ፣ ስኒው እስኪበርድ ጨዋታ እያስረዘሙ መጠጣት የሚበቃ ይመስለኛል።

የዕለት ተዕለቱ አያያዝ እንዲህ ይሁን። ፊትዎን በቀን ሁለት ጊዜ ለብ ባለ ውሃና ሽቶ በሌለው ለስላሳ መታጠቢያ በጣትዎ ጫፍ ብቻ ይታጠቡ፤ በሻካራ ፎጣ አይፈትጉ፣ መታ መታ አድርገው ያድርቁ። ቆዳው ትንሽ እርጥበት ሳለበት ማለስለሻውን ይቀቡ፤ ጧት በዚያ ላይ ፀሐይን የመከላከል ቍጥሩ (SPF) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሳንስክሪን ይጨምሩ። ዚንክ ኦክሳይድና ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ያለበት ለሚቃጠል ፊት ይስማማል፤ በጠይም ፊት ላይ አመድ የነፋበት መስሎ እንዳይታይ ቡናማ ቀለም ያለውን ይምረጡ፤ ቀለሙ የሚገኝበት የብረት ኦክሳይድ ማድያትንም ይረዳል። በሌባ ጣትና በመካከለኛ ጣት ርዝመት የተጨመቀ መጠን ለፊትና ለአንገት ይበቃል፤ ውጭ የሚውል ሰው በየሁለት ሰዓቱ ይድገመው። ሳንስክሪን መግዛት የማይችል ሰው በጃንጥላና በሰፊ ባርኔጣ ብቻ ብዙ ጥቅም ያገኛል። ጸበል የሚጠመቁ ምእመናንም ጸበሉን ከመድኃኒቱ ጋር አያጣሉት፤ ሁለቱን ባንድነት መያዝ የሚከለክል ነገር የለም።

ከዚህ በኋላ ስለ መድኃኒቱ። እብጠት ላለበት ፊት በመጀመሪያ የሚታዘዙት ሦስት ቅባቶች ናቸው። ሜትሮኒዳዞል በመቶ 0.75 የሆነው በቀን ሁለት ጊዜ፣ በመቶ 1 የሆነው በቀን አንድ ጊዜ ይቀባል፤ ይህን ስም ለአሜባ ከሚዋጠው ኪኒን የተነሣ ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ ነገር ግን ለፊት የሚሆነው ቅባቱ ስለሆነ ከቤት የተረፈውን ኪኒን አይዋጡ። አዜላይክ አሲድ በመቶ 15 የሆነው በቀን ሁለት ጊዜ ይቀባል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይቈጠቍጣል፤ እብጠቱ ትቶት የሚሄደውን ጥቍረትም አብሮ ስለሚያነጣ፣ ለጠይም ቆዳ እኔ ከሁሉ የማስቀድመው እርሱን ነው፤ ለነፍሰ ጡርም ከሌሎቹ ይልቅ የሚስማማ ነው። ሦስተኛው በመቶ 1 የሆነው አይቨርሜክቲን ነው፤ ማታ ማታ አንድ ጊዜ ይቀባል። በጅማና በኢሉባቦር በጥቍር ዝንብ ንክሻ የሚመጣውን ዓይን አጥፊ ደዌ ለመከላከል ሲታደል የኖረው ኪኒን ይኸው ነው፤ ኪኒኑን ፈጭቶ ፊት መቀባት ግን ስሕተት ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ይህ ቅባት በ16 ሳምንት ውስጥ እብጠቶቹን በመቶ 83 ሲቀንስ፣ ሜትሮኒዳዞል በመቶ 73.7 ቀንሷል፤ ልዩነቱ እንዳለ ሆኖ፣ በአካባቢዎ የሚገኘውንና አቅምዎ የሚችለውን አንዱን ይዞ መጽናት፣ የተሻለውን እየጠበቁ ያለ ሕክምና ከመቈየት ይበልጣል።

እብጠቱ የበዛበት ወይም ዓይኑ የተነካ ሰው ዶክሲሳይክሊን ይታዘዝለታል፤ በቀን 100 ሚሊግራም፣ ወይም በዝግታ የሚለቀቀውና በፀረ ተሕዋስነቱ ሳይሆን ብግነትን በማብረዱ የሚሠራው 40 ሚሊግራም፣ ለሁለት ወይም ለሦስት ወራት ያህል። በሙሉ ብርጭቆ ውሃ ይዋጡት፣ ውጠውም ወዲያው አይተኙ፤ የጕሮሮን ቧንቧ ያቈስላልና። ከወተትና ከብረት ኪኒን ጋር አይደባልቁት፤ ቆዳን ለፀሐይ ያጋልጣል፤ ለነፍሰ ጡርና ከ8 ዓመት በታች ላለ ሕፃን አይሰጥም። ይህ ሁሉ ያልረዳው ሰው በቆዳ ሐኪም ቍጥጥር ሥር አይሶትሬቲኖይን በትንሽ መጠን ሊወስድ ይችላል፤ መድኃኒቱ በማሕፀን ያለውን ፅንስ እጅግ ስለሚጐዳ፣ ልትፀንስ የምትችል ሴት አስተማማኝ መከላከያ ሳትይዝ አንዲት ፍሬ እንኳ ልትውጥ አይገባትም፤ ከዶክሲሳይክሊን ጋርም ባንድነት አይወሰድም።

እነዚህ መድኃኒቶች እብጠትን ያጠፋሉ፤ የደም ሥሮችን ግን አይዘጉም። ብሪሞኒዲንና ኦክሲሜታዞሊን የተባሉት ቅባቶች ቅላትን ለሰዓታት ያበርዳሉ፤ ሲያልቁ ግን በአንዳንዱ ላይ ብሶ ይመለሳል። የሰፉትን ሥሮች በሌዘር ማክሰም ይቻላል፤ በጠይም ቆዳ ላይ ግን ያልተመረጠ ሌዘር አቃጥሎ ነጭና ጥቍር ጠባሳ ስለሚተው፣ የሚያክመው ሰው በጠይም ቆዳ ልምድ እንዳለው፣ መሣሪያውም 1,064 ናኖ ሜትር የሆነው ኤን.ዲ. ያግ መሆኑን ሳይጠይቁ ፊትዎን አይስጡ። የወፈረ አፍንጫ በቀዶ ጥገና ወይም በሌዘር ተስተካክሎ ይቀረጻል።

በአሜሪካና በአውሮፓ የምትኖሩ ወገኖች የክረምቱ ነፋስና የቤት ማሞቂያው፣ በዐረብ አገሮች የምትሠሩ እኅቶች ደግሞ ከደጅ ሐሩር ወደ ቀዘቀዘ ቤት መመላለሱና የኵሽናው ሙቀት እንደሚቀሰቅሱባችሁ አስተውሉ። በዚያ ያለው ሐኪም ሮዛሲያን በነጭ ፊት ላይ ማየት የለመደ ሊሆን ስለሚችል፣ ቅላት አለኝ ከማለት ይልቅ ይግላል፣ ያቃጥላል፣ ይህን ያህል ጊዜ ይቈያል ብላችሁ ንገሩት፤ በጋለበት ሰዓት የተነሣውንም ፎቶግራፍ አሳዩት።

የጀመሩትን መድኃኒት በየሳምንቱ አይመዝኑት። በአራት ሳምንት አንድ ጊዜ በዚያው መስኮት፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ሰማያዊ ጨርቅ ፊት ፎቶግራፍ ያንሡ፤ 12 ሳምንት ሳይሞላ አልሠራልኝም ብለው አይለውጡ፤ ፊትዎ ከጠራ በኋላም ሐኪሙ ካላቆመልዎ በስተቀር ቅባቱን ይቀጥሉ፤ ደዌው ይበርዳል እንጂ ሥሩ አይነቀልምና። ወደ ሐኪም ሲሄዱም ደብተርዎን፣ ፎቶግራፎቹን፣ እስከ ዛሬም በፊትዎ ላይ ያሳረፉትን ቱቦና ብልቃጥ ሁሉ፣ ጎረቤት የሰጠችዎን ስም የለሽ ቅባት ሳይቀር፣ በአንድ ከረጢት ከተው ይዘው ይሂዱ፤ እፍረት ይዞዎት አንዱን እንኳ በቤትዎ አይተዉ፤ ሐኪሙ የሚፈልገው ብዙ ጊዜ የተተወውን ነው።